ለአምፕሊፋየር ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ባለቤቴ "ቁባቶችህ" ትላቸዋለች። ሰባት ናቸው። ሬዲዮና ማጉያ ባንድ ሣጥን የያዙ አሮጌ ስቴሪዮዎች፣ ፊታቸው ብርማ፣ ጎናቸው እንጨት፣ ሲያነሷቸው እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብዱ። ትክክለኛ ስማቸው ሪሲቨር ነው፤ ግን ደብረ ታቦር ላይ ሪሲቨር ያልህ እንደሆነ ሰው የዲሽ ይመስለውና "ስንት ቻናል ይስባል?" ይልሃል። እኔ ደግሞ ቶሎ እናደዳለሁ። ስለዚህ አምፕሊፋየር እያልሁ እኖራለሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቀን ቀን ስለ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ እኔን ያስተምረኛል። ከሰባቱ አራቱ ይሠራሉ። ሁለቱ ሲፈልጋቸው ይሠራሉ። አንዷ ትሞቃለች እንጂ አትናገርም፤ ብርድ ሲጠና ባለቤቴ እግሯን ታሞቅባታለች።

ስምንተኛዋን ያገኘኋት ለቅሶ ቤት ነው። የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ሞተውበት ገሳይ ከተማ ሄደን፣ ድንኳኑ ስለሞላ የተረፍነውን ጎረቤት ቤት አስገቡን። ቤቱ የአንዲት ባልቴት ነው። ጥግ ላይ፣ ከቡፌው አጠገብ፣ በነጭ ዳንቴል የተሸፈነ ነገር አየሁ። ከዳንቴሉ ሥር የእንጨት ጠርዝ ብቅ ብሏል። ሰው ሁሉ ሟቹን እያነሳ ሲያዝን እኔ ወንበሬን በትንሽ በትንሹ ወደ ጥጉ አስጠጋሁና ዳንቴሉን በሁለት ጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ወይ ጉድ! እንደዚያ ያለች አይቼ አላውቅም። የጣቢያ መፈለጊያዋ መስታወት አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

"አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ልትደርስ ነው የመጣኸው ወይስ ቤት ልትበረብር?" የሚል ድምፅ ከጀርባዬ መጣ።

ባለቤቲቱ ናቸው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ "አንተ ልጅ" ካሉኝ ስንት ዘመን ሆኖኛል። አፍሬ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ስሜት ይሁን እብደት እንጃ፣ ከአፌ የወጣው "ይሽጡልኝ" የሚል ሆነ። እዚያው ለቅሶ ላይ። ሴትዮዋ ዳንቴሉን መለሱና "የባሌ ናት፤ አትሸጥም" አሉኝ። ባላቸው የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እሷንም ያመጧት ከዚያው ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላ በዓመቱ ድምጿ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እስኪከፈት እየጠበቅሁ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። አንዴ ስኳር ይዤ፣ አንዴ ሳሙና ይዤ፣ አንዴ ባዶ እጄን ተናድጄ። ሦስቱንም ጊዜ "ይሽጡልኝ" አልሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስኳሩንም ሳሙናውንም ንዴቱንም ተቀብለው ሸኙኝ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳወራ ምስር ትለቅማለች። ቀና እንኳ ሳትል "ሽማግሌ ላክባት እንግዲህ" አለችኝ።

እያሾፈችብኝ ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በእኛ አገር ገንዘብ እንቢ ይባላል፣ ዘመድም እንቢ ይባላል፤ ደጅ ላይ የቆመ ሽማግሌ ግን በቀላሉ እንቢ አይባልም። በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰው ለመንሁ። አንደኛው የነፍስ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው ገበያው መግቢያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው፤ እሳቸው የማረኩት ገዢ ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። ሦስተኛው የባለቤቴ አጎት ሲሆኑ፣ ለምን ጉዳይ እንደሄዱ እስከ ዛሬ በቅጡ የገባቸው አይመስለኝም። ባለቤቴ ስትሰማ "እኔን ስታገባ የላክኸው ሁለት ነበር" ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈች።

አግቢ አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ የሆነውን የሰማሁት ከሐጂ ነው። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅ ቆሙ። ሴትዮዋ "ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" ሲሉ፣ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ፤ ደንቡ ነውና። ጉዳዩንም በግልጽ ተናገሩ፤ ያ መምህር ለአምፕሊፋየሯ ልኮናል አሉ። ሴትዮዋ ሳቃቸው መጥቶ ነበር አሉ ሐጂ፣ ግን ዋጡት። ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ልክ ልጅ እንዳላት እናት፣ "ዘመድ ላማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አሏቸው። የሚያማክሩት ዘመድ ካንድ ድመት በቀር የለም።

በሁለት ሳምንት ተመለሱ። መጠይቁ ያኔ መጣ። "ይጠጣል?" "ኧረ አይጠጣም፣ እኔ ምስክር" አሉ የነፍስ አባቴ። "ቁጡ ነው ይባላል።" "ይቆጣል እንጂ እጁን አያነሳም።" "ሌላ አለው?" የነፍስ አባቴና ሐጂ ተያዩ። የባለቤቴ አጎት፣ እውነት ለመናገር የፈጠራቸው ሰው ናቸውና፣ "ሰባት አለው" አሉ። "በሰባት ላይ ልድራት?" አሉ ሴትዮዋ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ከአራት በላይማ በእኛም አልተፈቀደም፤ ግን ሦስቱ በሽተኞች ናቸው" ብለው አዳኑኝ።

ጥሎሽ አልጠየቁም። ውል ግን አጻፉ። አይሸጣትም፣ አያውሳትም። ለዳግማ ትንሣኤ መልስ ይዟት ይመጣል። መልስ ማለት ሙሽራ ከሠርጉ በኋላ ከነባሏ እናት ቤት የምትጠራበት ግብዣ ነው። ያን ቀን ስትናገር ከመጣች ለዘላለም የእሱ ናት። ዲዳ ሆና ከመጣች ጋብቻው ፈረሰ፣ እዚያው ትቀራለች። ሦስቱም ሽማግሌዎች ፈረሙ፤ እኔም በሌለሁበት ታሰርሁ።

በጥምቀት ማግስት ሄጄ በጀርባዬ አዝዬ አወጣኋት። "ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ" ብለው ሴትዮዋ ዳንቴሏን አስቀርተው ሸኟት።

ቤት አድርሼ ከፈትኋት። አይጥ ጎጆ ሠርታባታለች፤ ከጎጆው ውስጥ አንድ እፍኝ ገብስ ወጣ። ፊውዟ በተቃጠለ ጊዜ አንዱ ብልጥ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ በቦታው ከቶላታል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው፤ እሱን በወረቀት ማታለል ዘበኛን አስክሮ ማስተኛት ነው። ዋናው ገዳይ ግን ዳንቴሉ ነበር። ከላይዋ መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሏት፤ በስታርች የደረቀ ዳንቴል ስንት ዓመት ሙሉ አፍኗቸው ኖሯል። ድምፅ የሚያጎሉት ሁለቱ ትራንዚስተሮች ከስለዋል። የዚያን ቀን በዳንቴል ሠሪ ሁሉ ላይ ስሳደብ ዋልሁ።

ከሁሉ ያዋረደኝ ግን የድምፅ መጨመሪያው ነው። ሲያዞሩት በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ማጽጃው ስፕሬይ ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ስለዚህ ዳግም አረቄ፣ ሁለት ጊዜ የተጣራውን፣ ገዛሁ። በላባ እየነከሩ መጥረግ ነው፤ ግሩም ይሠራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ከአረቄ ቤት ስወጣ ሰው አየኝ። ያውም በዐቢይ ጾም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ወሬው እኔ ቤት ሳይደርስ ገሳይ ደረሰ። ሴትዮዋ የነፍስ አባቴ ዘንድ ደወሉ። "ምስክር ነኝ ብለውኝ አልነበር?"

የነፍስ አባቴ ያን ቀን ሳያንኳኩ ገቡ። እኔ በአንድ እጄ ጠርሙስ፣ በአንድ እጄ ላባ ይዤ ተደፍቻለሁ።

"አባ፣ ይሽተቱኝ" አልሁ።

አፌን አሸተቱ። ምንም። ጎንበስ ብለው አምፕሊፋየሯን አሸተቱ፤ ፊታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ስልካቸውን አወጡና ገሳይ ደወሉ። "እሱ ንጹሕ ነው፤ የምትጠጣውስ ልጅዎ ናት" አሉ።

ትራንዚስተሮቹን ግን በአረቄ አላስነሣም። ከሰባቱ የሷን ዓይነት የያዘች አንዷ ብቻ ናት፤ ከአንበሳሜ ገበያ፣ ከበርበሬ ነጋዴዎች መካከል ያገኘኋት፣ ከሁሉ የምወዳት። ሦስት ቀን ዞርኋት። ሰው ለሙሽራ በሬ ይጥላል፤ እኔ አምፕሊፋየር ጣልሁ። ባለቤቴ የተበለተችውን አይታ "ተመስገን፣ አንድ ጎደለ" አለች፤ ቆይታ ግን ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ።

በሆሳዕና እሑድ ሙሽራዋ ተናገረች። መጀመሪያ መብራቷ መጣ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ንጋት። ከዚያ የዜና አንባቢው ድምፅ። ሰሙነ ሕማማት ስለነበር ዘፈን አልከፈትሁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዜና ብቻ ሰማሁ። ምን ዋጋ አለው የምትለኝ ካለህ አልሰማሃትም ማለት ነው። አንባቢው ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል፣ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ ነበር የምመጣው። ሰባቱም ተደምረው እሷን አያህሉም ነበር፤ ወደድኋት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

በዳግማ ትንሣኤ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከባለቤቴና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ሹፌሩ ጭኔ ላይ ያለችውን አይቶ "ምንድን ናት?" አለኝ። "ሙሽራ ናት" አሉ ሐጂ። "እንግዲያው ወንበር ይከፈልላት" አለ፣ ከፈልሁ። አስፋልቱ አልቆ መንገዱ ፒስታ በሆነበት ሁሉ በተንገጫገጭን ቁጥር ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቅጭል ይላል።

ሴትዮዋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል። ድፎ ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ስፒከሮቿ የድሮ ቦታቸው፣ ግድግዳው ላይ ናቸው። ገመዶቹን ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንሁ፤ ዝም። ደግሜ ተጫንሁ። "ፈረሰ እንግዲህ" አለ አንዱ ጎረቤት።

"መብራት እኮ ጠዋት ሄዷል" አለች ባለቤቴ፣ አምፖሉን እያየች። የፊዚክስ መምህሩ እኔ ነኝ።

በላን፣ ጠጣን፣ ጠበቅን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምፖሉ በራ፤ እሷም በራች። አንድ ሰው ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ይናገራል፤ በሄክታር ስንት፣ ከዘር በፊት ወይስ በኋላ። ቤቱ ሙሉ ሰው እስትንፋሱን ይዞ ስለ ማዳበሪያ ሰማ። የባለቤቴ አጎት ቆባቸውን አወለቁ።

ሴትዮዋ አንዲት ዱካ ጎትተው ከፊቷ ተቀመጡ፤ መቀመጫዋ የተለመደች እንደሆነች ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። ማዳበሪያው አልቆ የገበያ ዋጋ ተጀመረ፣ እሱም አለቀ። "ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያበራው ይህችን ነበር" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "መብራቷ ሲበራ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።"

ከዚያ ተነሡና አጠፏት። ገመዶቹን ራሳቸው ነቀሉ። ጋቢዬን አንስተው ይጠቀልሏት ጀመር። "በል፣ ሳይመሽ ሂዱ። ተናግራለች፤ ውል ውል ነው።" ቋጠሮውን ግን ቋጥረው ፈቱት፣ መልሰው ቋጥረው ፈቱት።

"እሜቴ፣ ይህን ያህል ከወደዷት ለምን ጠግንልኝ አላሉኝም?" አልሁ፤ ብሶት ይሁን ንዴት እኔም አላውቅም።

ቀና ብለው አዩኝ። "አራት ጊዜ መጣህ። አራት ጊዜ 'ይሽጡልኝ' አልኸኝ። 'ላሠራልዎት ወይ?' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

አሮጌ ዕቃ ከሞት አስነሣለሁ እያልሁ ስመጻደቅ የኖርሁ ሰው፣ ከዕቃው አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አላየሁም ኖሯል። ተናደድሁ፤ በራሴ ስናደድ ድምፄ ይሻክራል። "ስፒከሮቹ ይህን ግድግዳ ለምደዋል" አልሁ። "ሌላ ቤት አይሆንላትም። እዚሁ ትቀመጥ።" ጋቢዬን ፈትቼ ገመዶቹን መልሼ ሰካሁ። የነፍስ አባቴ "ውሉስ?" ሲሉ፣ "ውሉ የእኔ ናት ይላል እንጂ የት ታድራለች አይልም" አልኋቸው።

"አንድ ነገር ግን እወስዳለሁ" አልሁ። "ዳንቴሉን። ያፈናት እሱ ነው፤ እዚህ ትቼው አልሄድም።"

ሴትዮዋ አጥፈው ሰጡኝ። ሊስሙኝ ጎንበስ በል አሉኝ፣ ጎንበስ አልሁ።

ስንመለስ ያገኘነው ያንኑ ሚኒባስ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ ሲያየኝ ጭኔ ላይ የታጠፈ ዳንቴል ብቻ አለ።

"መምህር፣ ሙሽራዋስ?"

"ቤቷ ናት" አልሁት።

ባለቤቴ ዳንቴሉን ከጭኔ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ደብረ ታቦር ድረስም አንዴም አልቀለደችብኝም።