ሐጂ ያልነኳት ውሻ

ቆርቆሮ ከመኪና ሲወርድ የሚያወጣው ድምፅ ሌላውን ሰው ጆሮውን ነው የሚያመው። እኔን ግን ጀርባዬን ይበርደኛል። ትናንት ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ቆሞ የአጥር ቆርቆሮ ሲያራግፍ ለአንዲት ደንበኛ ሳፋ እያሳየሁ ነበር። የመጀመሪያው ቆርቆሮ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ሳፋው ከእጄ አመለጠኝ።

«ምነው፣ ነጋዴም ይደነግጣል እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

«እንደማይሰበር ላሳይሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ገዛች። ነጋዴ ደንግጦም ቢሆን መሸጥ አለበት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የማየው ቆርቆሮውን አልነበረም፤ ከሥሩ ተስፈንጥሮ የሚሸሽ ነገር ካለ ብዬ ነው። ምንም አልነበረም። ሁልጊዜም ምንም የለም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አያለሁ።

ይህ የጀመረኝ ጊዜ ጢም አበቀልኩ አላበቀልኩ የምል ጎረምሳ ነበርኩ። ሾላ ገበያ መሬት ላይ ሸራ አንጥፌ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሳፋ፣ ጆግ፣ ጀሪካን፣ ሰሃን። አንድ ቀን ነጠላ የደረቡ ሴትዮ መጥተው ጫፋቸው የተሰነጠቀ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ሰሃኖች ልቅም አድርገው ያዙ።

«እማማ፣ ሆቴል ሊከፍቱ ነው?» አልኳቸው።

«እንግዶቼ ሰሃን አይመርጡም። ይልቅ ተሸክመህ አድርስልኝ።»

ገርጂ ነበር ቤታቸው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ የኪራይ ግቢ። ሰፈሩ ሲስተር ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሐኪም ቤት አሳልፈው በጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። በሩ ሲከፈት እንግዶቹ ማን እንደሆኑ ገባኝ፤ ግቢው ሙሉ ውሻ ነው። አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ አንድ ዓይኑ የለም፣ አብዛኞቹ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን ሆዳቸው ሥር ይከታሉ።

አሁን አትሳቅብኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ሆዴን በመርፌ የተበሳሳሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሰሃኑን ታቅፌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኬ ነው የሄድኩት። ካላየኋቸው አያዩኝም ብዬ።

«ቁም» አሉኝ ሲስተር ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ። «እንዳታያት።»

«ማንን?»

«እንዳታያት አልኩህ።»

ጥጉ ላይ ከተጋደመ በርሜል ውስጥ አንዲት ቡኒ ውሻ ጭንቅላቷን አውጥታ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ሰው ባለበት እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ሲስተር ተሰጥኦ አለህ አሉኝ። እኔም አላረምኳቸውም፤ ደግሞም ምሳ አበሉኝ። በማግስቱ ለምን ተመለስክ ብትለኝ፣ ሽሮው ነው ብዬ እመልስልህ ይሆናል።

ያቺን ውሻ «የጥጓ» ነበር የምንላት። ስም አልነበራትም። ሲስተር ስም አያወጡም፤ ስም የሚያወጣው የሚወስዳት ቤት ነው ይላሉ። የነበረችበት ቤት ከሲስተር ግቢ በታች ነበር፤ ፈርሶ፣ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሷ ቀረች። ሲስተር ያገኟት የወደቀ የጣሪያ ቆርቆሮ ሥር ተሸጉጣ ነው። አትጮህም፣ አትናከስም። ጥጉ ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ነፋስ የአጥሩን ቆርቆሮ ሲያንኳኳው ደግሞ ባለችበት ሽንቷ ያመልጣታል። ጀምበር ስታዘቅዝቅ ከበርሜሉ ትወጣና ቤቱ ወደነበረበት አቅጣጫ ቆማ ታያለች። እዚያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አጥር ነው። ግን አተያይዋ አንድ ሰው እዚያ የቆመ ስለሚያስመስለው፣ እኔም አንዳንዴ ዞሬ አይ ነበር።

የሲስተር አሠራር ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጀርባህን ለውሻው ሰጥተህ መሬት ላይ ትቀመጣለህ። ቁራሽ ነገር ከኋላህ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታወራለህ፤ ምንም ይሁን፣ ብቻ አታቋርጥም። እኔ የማውቀው ወሬ የገበያ ስለሆነ ስለ ሳፋ አወራላት ነበር። «ይሄ ወፍራሙ ነው፣ ፀሐይ አይሰነጥቀውም። ያኛው ስስ ነው፣ ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ፣ ላንቺ አልሸጥልሽም።» ሾላ የተማርኩትም ይኸው ነበር፤ የሚያፍር ገዢ ላይ ካፈጠጥክ ይሄዳል፣ ዕቃህን እያስተካከልክ ካላየኸው ይጠጋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ እያወራሁ ክርኔ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ተሰማኝ። ስለ ጀሪካን የጀመርኩትን አረፍተ ነገር ዝም ብዬ ደጋገምኩት። ትንፋሹ ቆየ፣ አሸተተኝ፣ ሄደ። እስከ ዛሬ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ያ ትንፋሽ ይመጣብኛል። ዞር አልልም። ብዞር የሚሄድ ይመስለኛል።

ሌሎቹ ውሾች በየተራ ቤት አገኙ። እኔ አፌ ስለሚፈታ ደላላ ሆንኩላቸው። ዓይኑ የጠፋውን ሲኤምሲ ያሉ ባልና ሚስት ወሰዱት፤ ጴንጤዎች ናቸው፣ እጅ ጭነው ጸልየውለት ነው መኪና ውስጥ ያስገቡት። ኋላ ልጠይቀው ስሄድ «አሜን» ሲባል ጭራውን ይቆላል። ሲስተር ግን ማንኛውንም ውሻ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ይፈልጋሉ። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ውሻው ካልሸሸ ለቤት ደርሷል ማለት ነው። «እጅ ያልለመደ ቤት አይለምድም» ይላሉ። ዕድሜያቸውን በእጃቸው ሰው ሲያክሙ የኖሩ ናቸው፤ በእጅ ነው የሚያምኑት።

የጥጓ እጅ አልለመደችም። የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ሌላ ነው።

«ትጮሃለች?»

«አትጮህም።»

«ትናከሳለች?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

«ትፈራለች» አልኩት አንዱን፣ ውሸት ሰለቸኝና። ሴት መሆኗን ሲሰማ ጭራሽ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በዚህ መሃል የግቢው ወራሾች ፎቅ ሊሠሩ ተስማሙ። ክረምቱ ሲወጣ ግቢው ይለቀቅ ተባለ። ሲስተር የሚገቡት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኮሚቴው ውሻ እንደማይፈቅድ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። የጥጓ ቤት ካላገኘች የሚጠብቃት መንገድ ነው። መኪና ጥሩምባ ሲነፋ መሸሽ አትችልም፣ ባለችበት ትደርቃለች። አስፋልት ላይ አንድ ቀን አታድርም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናነሳውም።

አጥር የሚጋሩን ጎረቤት ጣውላ ሻጭ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ሐጂ ነው የምንላቸው። ውሾቹ የሚተኙበትን ሰጋቱራ ከመጋዛቸው ሥር እየዛቁ በማዳበሪያ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ሲገቡ ልብሳቸውን ሰብስበው ነው፤ ውሻ ከላሳቸው ከሶላት በፊት ሌላ መታጠብ ሊመጣባቸው ነው። አንድ ቀን የጥጓ በርሜል አጠገብ ማዳበሪያውን ሲያራግፉ ያሏትን በጆሮዬ ሰማሁ።

«ስሚ፣ እኔ ልነካሽ አልችልም፣ ሶላት አለብኝ። አንቺም እንዳትነኪኝ። ተስማማን?»

ከቤታቸው የተረፈ ሥጋ በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ነበር። ፈታ አድርገው አስቀመጡና ወደ ኋላ እንኳ ሳያዩ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር እንዲሁ ነው። እኔና ሲስተር እንደ ቀልድ ነው ያየነው። የጥጓ ግን ሐጂ በሩን ሲከፍቱ ጆሮዋን ታቆም ጀመር። እኛ እጃችን እንዲለመድ ስንለፋ፣ እሳቸው የሚሸሹት እሱኑ እጅ ነበር። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አጥሩን የሚነቅሉት ሰዎች ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ። እኔና ሲስተር የወጥ ቤት ዕቃ ካርቶን ውስጥ እየከተትን ነበር። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲገነጠል ያወጣውን ድምፅ ልነግርህ አልሞክርም። ካርቶኑን ጥለን ስንወጣ በርሜሉ ባዶ ነው። በተከፈተው አጥር ወጥታለች።

ያካፋ ነበር። በየመኪናው ሥር አጎነበስን፣ ቦዮቹን አየን፣ ሚኒባሶቹ እስከሚቆሙበት ድረስ ሄድን። እኔ በፉጨት እየጠራሁ ነው። ሲስተር ምን ብለው ይጥሩ? ስም አላወጡላትም። ነጠላቸው በስብሶ፣ በየመንደሩ መታጠፊያ እየቆሙ «እኔ ነኝ» ይላሉ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።» ሰው በሩን ከፍቶ ያያቸዋል፤ ማን እንደጠፋባቸው ይጠይቃል፤ እሳቸው ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ያልፋሉ። ያን ድምፅ አሁንም በካፊያ ቀን እሰማዋለሁ። ገርጂ ውስጥ ሱቅ የከፈትኩት ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ገበያው ደህና ነው እላለሁ።

አመሻሽ ላይ ተስፋ ቆርጠን ስንመለስ የሐጂ የቀን ሠራተኛ ጣውላ መሸጫው በር ላይ ጠበቀን። «ቀስ ብላችሁ ግቡ ተብላችኋል» አለ።

ሐጂ ጣውላ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጥተው። ከኋላቸው፣ በሁለት የጣውላ ክምር መካከል ባለች ጠባብ ቦታ፣ የጥጓ ተኝታለች። ተኝታ ነው የምልህ፤ አልተሸጎጠችም። አገጯ እግሯ ላይ ነው።

«ከቀትር ጀምሮ እዚህ ናት» አሉ ሐጂ በዝግታ። «ራቅ ብዬ ከሄድኩ ትወጣለች ብዬ መስጊድ ሳልሄድ እዚሁ ሰገድኩ። ስሰግድ እያየችኝ ነበር። አልሸሸችም ወላሂ።»

ሲስተር ተንበረከኩና እጃቸውን ዘረጉ። የጥጓ ወዲያው ተነስታ ወደ ጨለማው ገባች። ሐጂ አልዞሩም።

«ሲስተር፣ እጅዎን ይመልሱላት።»

«እጅ ሳትለምድ ለሰው አልሰጥም፣ ሐጂ። ሰጥቼም አላውቅ።»

«እኔ ልነካት አልችልም። እሷ እንዲነኳት አትፈልግም። ከዚህ በላይ የሚስማማ ሰው ከየት ሊያመጡላት ነው?»

«ሠራተኞችዎስ?»

«የነካት ሥራ የለውም ብያቸዋለሁ።»

«ሰንሰለትስ?»

«ጣውላ ነው የምሸጠው እቴ፣ ሰንሰለት የለኝም።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ርጥብ እንጨትና ሰጋቱራ ይሸታል። ሲስተር የተዘረጋ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አዩት፣ ከዚያ ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። «አብሽሩ፣ ደህና ትሆናለች» አሉ ሐጂ። ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይን ሲመለስ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር ከአንድ ቀን በቀር ገርጂን አልረገጡም። «አሁን ካየችኝ ትከተለኛለች፤ ከተከተለችኝ የት አስገባታለሁ?» ይላሉ። ወሬዋን እኔ ነበርኩ የማደርስላቸው። በር ላይ መተኛት ጀመረች። የመጋዙን ድምፅ ለመደች። አንድ ጊዜ ሌባ አይታ ጮኸች አልኳቸው፤ ሌባው ድመት ነበር፣ መጮኋ ግን እውነት ነው።

ሲስተር አሁን በሕይወት የሉም። ጣውላ መሸጫው የነበረበትንም ቦታ መንገድ ወስዶታል። አብረን የሄድንበትን አንዱን ቀን ግን ማንም አልወሰደብኝም።

ዓመት ሳይሞላ ይመስለኛል፣ በጋ ነበር። ሲስተር «ከሩቅ ብቻ» አሉኝና ወሰድኳቸው። ከመንገዱ ማዶ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ቆምን። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። እሷ ከእግራቸው ራቅ ብላ ፀሐይ ላይ ተጋድማለች፤ ወፍራለች፣ ጸጉሯ ያበራል። የሲስተር አተነፋፈስ ይሰማኛል።

ነፋሱ ከእኛ ወደ እሷ ዞረ። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ተነሳችና ወደ ሚኒባሱ አቅጣጫ ቆመች፤ ድሮ ጀምበር ስታዘቅዝቅ እንደምትቆመው ሳይሆን፣ ጆሮዋን አቁማ። ሲስተር እጅጌዬን ያዙኝ፤ አጥብቀው። አንድ ጊዜ «እኔ ነኝ» ቢሉ መንገዱን አቋርጣ ትመጣ ነበር፤ ሁለታችንም እርግጠኛ ነበርን። ከንፈራቸውን ነከሱ።

ሐጂ ቀና አላሉም፣ መቁጠሪያቸውን ነው የሚያዩት። እሷ ወደ እሳቸው ዞር ብላ አየች፣ ወደ እኛ አየች። ከዚያ በነበረችበት ላይ አንድ ጊዜ ተሽከርክራ ተመልሳ ተኛች።

«ጎሽ» አሉ ሲስተር፣ ለራሳቸው። እጅጌዬን ለቀው ዞሩና መንገድ ጀመሩ።

እኔ ትንሽ ቆየሁ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጭራዋ ግን አፈሩ ላይ አንድ ጊዜ ተነሳና ወደቀ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ። ሮጬ ደረስኩባቸው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «አውቃለሁ» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ዝም ብለህ ሂድ።»