«ሂጂ፣ እኔ አለሁ»

አክስቴ ካረፉ ወዲህ ጠዋት ከቤት መውጣት ከብዶኛል። እኔ መሐል ሜዳ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ባሌ የሚሠራው ደብረ ብርሃን ነው። አክስቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዘመሮ ይመጡና ሳምንቱን ሙሉ ልጆቼን ይይዙልኝ ነበር። ሕፃኗን በባና አዝለው በር ድረስ ይሸኙኛል። ዞር ብዬ ሳመነታ፣ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ይሉኛል። አምኛቸው እሄዳለሁ።

ያን ረቡዕ ምጥ የጠናባት ሴት ስለነበረች ለምሳ አልተመለስኩም። አመሻሽ ላይ ስደርስ ደጄ በሰው ተሞልቷል። ሕፃኗን ጎረቤቴ አዝላታለች። አክስቴ መደቡ ላይ በነጠላቸው ተሸፍነው ተጋድመዋል።

«ምነው ሳትጠሪኝ?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ደረቴን ወጋኝ ሲሉ ልደውልልሽ ነበር» አለች እያለቀሰች። «እሳቸው ከለከሉኝ። ‹የሰው ነፍስ በእጇ ነው፣ አትጥሪያት› አሉኝ።»

ያቺ ሴት በሰላም ተገላግላ ነበር። ሰልስቱ ሳይወጣ ባሏ ሊያመሰግነኝ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ደነገጠ። ማን እንደሞተብኝ፣ መቼ እንደሞቱ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጋቢውን አጣፍቶ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሳም።