ለአውሮፓ የተሠራው ሞተር

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዛሬም የጋለ የሞተር ዘይት ሲሸተኝ የያዝኩትን አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ የነበረው የአባቴ ጋራዥ ድቅን ይልብኛል።

ያን ሰሞን ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ከአንድ የጀርመን ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ላያቸው ሰው መንታ ይመስላሉ። አንዱ ከወንድሜ መኪና የወረደ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ሌላው በጅቡቲ በኩል የመጣ፣ ለአውሮፓ የተሠራ። ወንድሜ ከአወዳይ ጅጅጋ ጫት ያደርስ ነበር። ጫት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከረፈደበት ይጠወልጋል፤ ነገም የሚጫንለት ዛሬ ቀድሞ የገባ ሾፌር ነው።

ምሳ ይዤ ስገባ አባቴ ሁለቱንም ፈታቷቸዋል። በቆርቆሮው ቀዳዳ በገባው ብርሃን ፒስተኖቹ ያብረቀርቃሉ።

«ነይ እስቲ፣ ንኪያቸው» አለኝ። የአሜሪካው አናቱ ጎድጎድ ያለ፣ የአውሮፓው ያበጠ ነበር። «ይሄ ያበጠው ቤንዚኑን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ለዚህ ነው የሚቆጣው። ያኛውን ጭሱ እንዳይበዛ ብለው አለዝበውታል።»

«ኮርማና ሰንጋ በሉና!» አለ ወንድሜ።

አባቴ አልሳቀም። «ለአውሮፓ ሲሠሩት ፍሬኑንም ትልቅ አድርገው ነው። ያንተ መኪና ፍሬን ለለዘበው ሞተር የተለካ ነው። ትልቁ ፍሬን ከጅቡቲ እስኪመጣ ታገስ።»

«ጫት ይታገሳል እንዴ፣ አባ? ወላሂ፣ ሰው የሚቀድመው በሞተር ነው። በፍሬን ቀድሞ የገባ ሾፌር ያውቃሉ?»

በር ላይ የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ሲያወራ ሳይስቅ የሚቀር ሰው አልነበረም።

«እርስዎ ካልገጠሙልኝ ሌላ ሰው ይገጥምልኛል» ብሎ ሲቆርጥ አባቴ ተሸነፈ። «እንግዲያው በእኔ እጅ ይሁን» አለ፤ ገጠመለት። ሞተሩ ሲነሣ የቆርቆሮው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰማሽ እህቴ? ይሄ ነው ሞተር!» ብሎኝ ሄደ።

ጥቂት ሳምንት ሁሉንም ቀደመ። ከዚያ አንድ ረፋድ፣ ካራማራ ቁልቁለት ላይ፣ ከፊቱ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ነበር።

ከኋላው ይመጣ የነበረ ሾፌር ቤታችን መጥቶ አባቴ እግር ሥር ተቀመጠ። «የፍሬን መብራቱን አይቻለሁ» አለ። «ከሩቅ ነው የረገጠው። በጣም ከሩቅ።» ይቺ «በጣም ከሩቅ» ያላት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።  የወንድሜ ጀናዛ የወጣው በዚያው ቀን ነው።

ለቅሶው ሲያበቃ አባቴ ጋራዡን ለሌላ ሰው ለቀቀና ድሬ ጠያራ የምትባል መንደር ውስጥ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። እዚያ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሲሚንቶ ላይ የታሰረ፣ የትም የማይሄድ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ወደ ቤት ይመጣል። ሾፌሮቹ እየቆሙ «ይግቡ አባ፣ እናድርስዎ» ይሉታል፤ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰግናቸውና ያልፋል። እስኪሞት ድረስ በእግሩ ተመላለሰ።