ጋሼ ይርጋ የጻፉት ኮድ

ፈንታነሽ ያቺን አንዲት መስመር ባየች ቁጥር ላብ ላብ ይላታል፤ ያውም በደብረ ታቦር ብርድ! ኮዱን የጻፉት አለቃዋ ጋሼ ይርጋ ናቸው፤ መርምራ ማጽደቅ ያለባት እሷ ናት። ጋሼ ይርጋ ማለት ደግሞ ከእብናት አምጥተው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ እዚሁ መሥሪያ ቤት ያስቀጠሯት፣ ዛሬም በጣራቸው ሥር የሚያሳድሯት ሰው ናቸው። እስቲ እኒህን ሰው ማን ደፍሮ «ተሳስተዋል» ይላል?

የሚሠሩት ለጉና ጤና ኬላዎች የሚላክ የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። በውስጡ ያለችው ቺፕ ለየክፍሏ ምት የሚሰጥ ክሎክ አላት፤ ምቱ የቆመበት ክፍል ያንቀላፋል። የጋሼ ይርጋ ኮድ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ስክሪኑ ሲጠፋ ምቱን ያቆማል። ደግ ነበር። ግን ሙቀት ለኪውም የሚሠራው በዚያው ምት ነው! እሱ ከተኛ ማቀዝቀዣው ቢሞቅ የሚጮህ የለም፤ ሕፃን የተበላሸ ክትባት ይወጋል።

በአገሩ ወግ ታላቁን የሚያርም ሰው አላዋቂ መስሎ ይጠይቃል። ታላቁ ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ማንም አያፍርም። እሷም በዚሁ መንገድ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺ መስመር አልገባችኝም። ቢያስረዱኝ?»

ጋሼ ይርጋ ደስ አላቸው። ወንበር ስበው የባትሪውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዷት፤ ስህተቱ ጋ ሲደርሱ ግን ዘለውት አለፉ።

«አሁን ገባሽ፣ ልጄ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ወይ ጣጣ! አፏ ቀደማት። ገባኝ ካለች በኋላ በምን አፏ አላጸድቅም ትበል?

«በይ አጽድቂያ! ነገ መኪናው ወደ ጉና ይወጣል።»

ባልደረባዋ ይሻው ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገቱን አስግጎ ያያል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ክትባት ግን ይበላሻል። ያጎረሰኝን እጅ ልነክስ ነው? አለች በልቧ።

«አላጸድቅም» አለች። «ገብቶኛል፣ ጋሼ። ተሳስተዋል። ስክሪኑ ሲጠፋ ሙቀት ለኪውም አብሮ ይጠፋል።»

ጋሼ ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን ደጋግመው አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። ኮዱን በገዛ እጃቸው አስተካከሉና «ልክ ነሽ» አሉ፣ ሳያዩዋት። ኮታቸውን አንስተው ብቻቸውን ወጡ። «ነይ እንግባ» ሳይሏት ሄደው አያውቁም ነበር።

«ጎሽ፣ አበጀሽ!» አላት ይሻው።

ምን ያበጃል! አሁን ወጥታ ባጃጅ ብትይዝ፣ ሾፌሩም «የት ልውሰድሽ?» ቢላት፣ ከእሳቸው ቤት ሌላ የምትጠራው ቤት የላትም።