የተሰነጠቀው አሮጌ ጎማ

የአጎቴ መሞት አስመራ ድረስ በደብዳቤ ነው የደረሰኝ። ወንድሜ ከአሰላ «አጎታችን የተሳፈሩባት ጀልባ በስተኋላዋ ውሃ ገብቶባት ዝዋይ ላይ ሰጠመች፤ ጎትተው ሲያወጧት የተቀደደው በዚያው ሳምንት እሳቸው ራሳቸው የቀየሩት ጎማ ነው አሉ» ብሎ ጻፈልኝ። ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ተንበረከክሁ፤ ግን ያ «አሉ» የሚለው ቃል በጸሎቴ መሐል እየገባ አስቸገረኝ።

በሞተር ጀልባ ኋላ፣ ዘንጉ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ እንደ ወናፍ የተሸበሸበ ጎማ ይገጠማል። ውሃውን የሚከለክለው እሱ ነው። አጎቴ ጎሚስታ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ አብሬያቸው ወደ ሐይቁ ወርጄ ሲቀይሩ አይቻለሁ። አሮጌውን አውጥተው በካራ ሊሰነጥቁት ሲሉ ባለጀልባው እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይተዉልኝ እንጂ፤ ለክፉ ቀን ይሆነኛል።»

«ክፉውን ቀን የሚያመጣው እሱ ነው» አሉና ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቁት። እጃቸውን የታጠቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስንመለስ፣ «ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ልጄ፤ ሲቸኩል አሮጌውን መልሶ ይገጥመዋል» አሉኝ። የሰነጠቁትን ሁሉ የባለጀልባውን ስም በጠመኔ ጽፈውበት ከጎሚስታ ቤታቸው በር ጀርባ ይሰቅሉት ነበር።

ማንንም በሐሰት እንዳላማ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። አዲስ ጎማም ይቀደዳል። ነገር ግን ቀብራቸው ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ ለተዝካራቸው ስትሰበሰቡ የሱቁን በር ዘግታችሁ ጀርባውን እዩልኝ። የዚያች ጀልባ አሮጌ ጎማ ተሰንጥቆ ተሰቅሎ ከሆነ አልቅሼ ዝም እላለሁ። ከሌለ ግን ሄዳችሁ ከጀልባዋ ላይ ፈልጉት።