የቢቸና ስበት ለምን አልተሸለመም

በትክክል የሠራችሁት ሥራ፣ ውጤቱ ከመጽሐፉ ስላልገጠመ ብቻ ስሕተት ተብሎባችሁ ያውቃል? ቢቸና ባለው ግቢያችን ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ይህ የደረሰባት አንዲት ተመራቂ ተማሪ ነበረች። አማካሪዋ እኔ ስለነበርኩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

መጀመሪያ የትምህርት ክፍላችንን አሠራር እወቁልኝ። በቤተ ሙከራ መመሪያችን ላይ የመሬት ስበት «ትክክለኛ ዋጋ» 9.81 ተብሎ ታትሟል። የተማሪው ውጤት ከዚህ በራቀ ቁጥር ማርኩ ይቀነሳል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሙከራውን የሚሠሩት ከታች ወደ ላይ ነው። አስቀድመው መልሱን ይጽፋሉ፣ ቀጥለው ያንን መልስ የሚሰጥ የሰዓት ልኬት ይፈልጋሉ፣ ጊዜ ከተረፋቸው ደግሞ ክሩን ይሰቅላሉ። መምህራኑም ይህን ያውቃሉ፤ እነሱም የተማሩት እንደዚሁ ነው።

ተማሪዬ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ እዚያ በርበሬና ቡና ይነግዳሉ። የመመረቂያ ሥራዋ የመሬትን ስበት በቢቸናና በሞጣ መለካት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ረጅም ክር ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ታንጠለጥላላችሁ፣ በትንሹ ታወዛውዙታላችሁ፣ አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀውን ጊዜና የክሩን ርዝመት ይዛችሁ ስበቱን ታሰላላችሁ። ቢቸና ላይ ክሩን ከሕንጻችን ላይኛው ፎቅ በደረጃው መሐል ወደ ታች ለቀቀችው። ሞጣ ላይ ደግሞ ከአባቷ መጋዘን ወራጅ ላይ አስራ የኪሎ መመዘኛ ብረት አንጠለጠለችበት። ነፋስ እንዳይገባ አባቷን በሩን ስላዘጋቻቸው ደንበኞች ደጅ ቆመው፣ ሰውየው ታመሙ እንዴ እያሉ ጎረቤቱን ሲጠይቁ ዋሉ። ደጋግማ ለካች። በሁለቱም ከተሞች ያገኘችው ወደ 9.77 የሚጠጋ ነበር።

ልክ ናት። ስበት የትም ቦታ እኩል አይደለም። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡና ከባሕር ወለል ከፍ ሲሉ ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፣ ደጋም ላይ ነን። 9.81 መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አገር ቁጥር ነው። እኛ ቁጥሩን ከነመጽሐፉ አስመጥተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ተመራቂዎች ሥራቸውን አቅርበው የሚሸለሙበት የምርምር ቀን ደረሰ። ባነር ተሰቀለ፣ የፕላስቲክ አበባ ተደረደረ፣ ዳኞቹ ፊት የታሸገ ውሃ ተቀመጠ። በዚሁ ርዕስ የተወዳደረ ሌላ ቡድን ነበር፤ እነሱ ቢቸናም ሞጣም ላይ ድፍን 9.81 አግኝተዋል። ስሕተታቸው ዜሮ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሞጣ ላይ ክሩን ከምን ላይ እንደሰቀሉት ጠየቅኋቸው። አንደኛው ረጋ ብሎ፣

«ከላይ» አለኝ።

ዳኞቹ መልሱን ተቀብለው ነጥብ ሰጡ።

የእሷ ተራ ሲደርስ የዳኞቹ ሰብሳቢ የሆኑት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቁጥሯን አይተው ፈገግ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የቀረው የት ጠፋ?»

«አልጠፋም ዶክተር። መጀመሪያም እዚህ አልነበረም።»

ሰው ሳቀ። ሽልማቱን ድፍን ቁጥር ያመጡት ወሰዱ።

ይህስ ይሁን። ከዝግጅቱ በኋላ ግን ኃላፊው ቢሯቸው አስጠርተው፣ ቁጥሩን ካላስተካከለች የመመረቂያ ሥራዋን እንደማይፈርሙ ነገሩን። አልፈረሙም ማለት አትመረቅም ማለት ነው። አባቷ ደግሞ ለምርቃቱ ሚኒባስ ተከራይተው የሞጣን ነጋዴ ግማሹን ጠርተዋል። እኔ ሰሌዳ ላይ ክብ መሬት ሥዬ ምድር ወገብን ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት እወዳለሁ። ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ነህ እንዴ አሉኝ። እሷ ግን ምንም አላስረዳችም።

«እርስዎ ይለኩት ዶክተር። የሚያገኙትን እጽፋለሁ።»

እምቢ ማለት አልቻሉም። የራሳቸውን ሜትርና የራሳቸውን ስልክ ይዘው ደረጃው ሥር ቆሙ። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ የሥራ ባልደረባ ሲያልፍ፣ ሰላም እያሉ የውዝዋዜው ቆጠራ ጠፋባቸው። ሁለተኛው እሷ ያገኘችው አካባቢ ወጣ። ክሩ ተለጥጧል አሉ፤ ክር ተቀየረ። ብረቱ ቀላል ነው አሉ፤ ብረት ተቀየረ። ነፋስ ነው አሉ፤ መስኮቶች ተዘጉ። ኮታቸውን አውልቀው ማንንም ሰላም ሳይሉ መቁጠር ጀመሩ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ከሰፈሩ አልወጣም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ላይ ቀና ብለው፣

«ይህ ሕንጻ ችግር አለበት» አሉና ፈረሙ።

ሽልማቱስ ብዬ ጠየቅሁ። ሰርተፍኬቱ ታትሟል አሉኝ። ፊዚክስ ውስጥ ይህን የሚያሸንፍ ኃይል እስካሁን አላገኘሁም።

ልጅቷ ተመረቀች፤ ሚኒባሱም ጢም ብሎ መጣ። መመሪያችን ላይ ያለው 9.81 ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ረጅም ክር፣ አንድ ከባድ ነገርና ስልካችሁን ይዛችሁ እናንተም በያላችሁበት ሞክሩት። በሩን ዝጉ፣ ደጋግማችሁ ለኩ፣ የወጣውን እንደወጣ ጻፉት። ክሩን ከምን ላይ እንደሰቀላችሁትም አትርሱ፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖር ይሆናል።