ጋሽ ልክና የሰው ክኒን

የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ስሙን ከነአባቱ የሚያውቅለት ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም "ጋሽ ልክ" ይለዋል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይበላል፣ እንዳንጠለጠለም ያንቀላፋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ በልክ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም። አንዲት ደንበኛ "እህቴ እኔን ነው የምታክለው፣ በእኔ ለክተህ ስፋላት" ብትለው ጨርቁን አጣጥፎ መለሰላት።

"ከአንድ እናት የወጣ ትከሻ እንኳ አንድ አይደለም። እህትሽ ራሷ ትምጣ!"

እህትየዋ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጣች። ትከሻዋ እውነትም በሁለት ጣት ይጠብ ነበር። ሰውዬው ያን ወር ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

ቀኝ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነጥብ ስትወጣ ግን ለመለካት አልቸኮለም። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ረግጧልና "የፔዳሉ ሥራ ነው" አለ። ነጥቧ የካፖርት ቁልፍ ስታክልም "ፔዳሉ ነው" አለ። ሚስቱ "ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሂድና ታይ" ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ካልሲው ላይ ደም አገኘችና ካልሲውን እንደ ምስክር አንጠልጥላ ሐኪም ቤት ጎትታ ወሰደችው። ተቆርጦ ሲመረመር ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆነ። ብሽሽቱ ላይ ያበጠው ንፍፊትም ያው በሽታ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አልጋ ይይዝ ነበር። ጋሽ ልክ ግን "ሜላኖማ? የሚስቴ ወንድም በሽታ አይደል እንዴ!" አለና ሊስቅ ምንም አልቀረው።

የሚስቱ ወንድም ጣሪያ ሠሪ ነው። ቀይ፣ ፀሐይ ቶሎ የምታቃጥለው ሰው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ተደፍቶ ሚስማር ሲመታ የኖረ። አንገቱ ላይ የነበረች ምልክት ባለፈው ዓመት ሜላኖማ ሆነችበት፣ ከሥሯም እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። ሐኪሞቹ ክኒን ሰጡት፤ እብጠቱ በሁለት ወር ውስጥ ሟሟ። ይኸው አሁን ጣሪያ ላይ ሆኖ ያፏጫል።

"ጋሼ፣ አይዞህ፤ ያው በሽታ፣ ያው መድኃኒት" አለና ሊጠይቀው የመጣው ጣሪያ ሠሪ በጥጥ የተጠቀለሉ ክኒኖች በክብሪት ቀፎ አስጨበጠው። "ትርፍ አለኝ።"

ዶክተሯ "የካንሰሩን ዘረመል፣ ጂኑን፣ አስመርምረን ነው መድኃኒት የምንመርጠው" ብላው ነበር። ጋሽ ልክ ይህን የሐኪም ጊዜ ማራዘሚያ አድርጎ ቆጠረው። ቀፎውን የቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ደበቀና ሰኞ ሊጀምር ቆረጠ። ምን ያደርጋል፣ እሑድ ሚስቱ ለቀሚሷ ቁልፍ ስትፈልግ አገኘችው።

"አንተ ሰውዬ! በሰው ልክ አልሰፋም እያልክ ደንበኛ ታባርራለህ፣ በሰው ልክ መድኃኒት ልትውጥ?"

ጋሽ ልክ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ።

በማግስቱ ቀፎውን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና የማን እንደሆነ ነገሯት። ዶክተሯ ክኒኖቹን አየችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"ስማቸው አንድ ነው እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው" አለችው። "የዘመድዎን ያመጣው ፀሐይ ነው፤ የሴሎቹን ጂን ሺህ ቦታ ቧጥጦታል። ከዚያ መሃል 'እደግ' የሚለው ማብሪያ በርቶ አልጠፋ አለ። ይህ ክኒን ያንን ነው የሚያጠፋው። የእርስዎ ፀሐይ በማያየው ተረከዝ ላይ የበቀለ ነው። ጭረቱ ትንሽ ነው፤ ጂኖቹ ግን በጅምላ ተሰባብረዋል፣ አንዳንዱ ጠፍቷል፣ አንዳንዱ ያለ ልክ ተባዝቷል።"

"ማብሪያውስ?"

"ውጤቱ ዓርብ መጣ። የዘመድዎ ማብሪያ እርስዎ ጋ ደህና ነው። ይህን ውጠውት ቢሆን በሽታውን ጭራሽ ሊያበረታው ይችል ነበር።"

ጋሽ ልክ ቀፎውን በጣቱ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

"ሌላ ማብሪያ ግን ተበላሽቶ አግኝተናል። በተረከዝና በመዳፍ ላይ በሚወጣው ሜላኖማ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ለእሱም ሌላ ክኒን አለ። ለሁሉም አይሠራም፣ አልዋሽዎትም። ግን እንሞክራለን።"

ሚስቱ "ተመስገን" ብላ ዓይኗን ጠረገች። እሱም ትንፋሹ ተመለሰለት፤ ለካ ሲፈራ ኖሯል። ዶክተሯ ግን ፊቷ አልተፈታም። ክኒኖቹን በብዕሯ ጫፍ ቆጠረቻቸው።

"ሃያ ስምንት። ይህ መድኃኒት በቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ትርፍ የሚባል የለውም። ዘመድዎን ዛሬውኑ አምጡልኝ።"

ጋሽ ልክ ቀፎውን ይዞ እያነከሰ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ወንድም ቤት ሄደ። ጣሪያ ሠሪው ደጃፉ ላይ ቆሞ የተጣመመ ሚስማር ያቃናል። የሸሚዙ ኮሌታ ክፍት ነው።

"አንገትህን ቆልፍ።"

"ሞቆኝ ነው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ልክ ራሱ ኮሌታውን ያዘ። ከሁለት ወር በፊት በእጁ የሰፋው ሸሚዝ ነው፤ ያኔ በደንብ ይቆለፍ ነበር። አሁን ቁልፉ ቀዳዳው ጋ ሊደርስ አንድ አውራ ጣት ያህል ይቀረዋል። ከሥሩ ጠንካራ እብጠት ነካ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ወር ቢሆነው ነው። አንድ ቀን እየወሰድኩ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ... ድኛለሁ ብዬ ነው እኮ።"

"የራስህ እያረረ የሰው ታማስላለህ?" ጋሽ ልክ ጮኸበት። "አንተን ገድዬ ልድን?"

"እህቴ ያለ አንተ ምን ትሆናለች ብዬ ነው" አለ ጣሪያ ሠሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከራስ በላይ ነፋስ የሚባለውን ተረት ለዚህ ሰው የነገረው የለም። ጋሽ ልክ መንገደኛው እያየው አለቀሰ፤ አላፈረም። ከዚያ ቀፎውን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተለትና ክንዱን ያዘው።

"ና፣ ዶክተሯ እየጠበቀችህ ነው።"

"እሺ እሺ። እስከዚያው ይቺን ኮሌታ ትንሽ አስፋልኝ።"

"አላሰፋም" አለ ጋሽ ልክ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። "ልክህ ይሄ ነው። አንገትህ ነው የሚመለሰው።"